የሰባት ቤት ውሻ

ውሻው ብዙ ስም ነበረው። አቶ ባዳቾ ቤት ሲሄድ ጃክ ነው፤ ሰብለ ቤት ቡቺ። ከሰብለ ቀጥለው የተከራዩት የባንክ ሠራተኞች ስም ለማውጣት እንኳ ስላልደከሙ «ና አንተ» ይሉታል። መምህርት ትርፌ ደግሞ ወርቁ ትለዋለች። እሱ ለሁሉም ጅራቱን እየቆላ ይመጣል። ወደ ኦቶና ሆስፒታል ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶን ሊነጠፍለት ነው እየተባለ ዓመታት ባለፉት ቅያስ ውስጥ፣ ሰባት ቤት በዚህ አንድ ውሻ ተማምኖ ይተኛል። ቀድሞ ዘበኛ ነበራቸው። ዘበኛው ደሞዝ ይጨመርልኝ ያለ ጊዜ የቅያሱ ሊቀመንበር አቶ ባዳቾ ሰዉን ሰብስበው «ውሻው ይበቃናል» አሉና ዘበኛውን በምርቃት ሸኙት። ውሻ ደሞዝ ጨምሩልኝ አይልማ።

ትርፌ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ባሏ ከሞተና ልጆቿ ሐዋሳ ሥራ ከያዙ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሰፈሩ ቲቸር ይላታል። ክፍል ውስጥ መቆጣት አያስፈልጋትም፣ መነጽሯን አውልቃ ዝም ብላ ስታይ ልጆቹ ራሳቸው ይቀመጣሉ። ከክፍል ውጪ ግን ንዴቷ ቶሎ ይገነፍላል። ይህን ራሷም ስለምታውቅ በየእሑዱ ትጸልይበታለች፤ እስካሁን መልስ አልመጣላትም።

አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። አምና ይኸው ውሻ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን አማረን ባቱ ላይ ነክሶታል። አማረ ሆስፒታል ተመላልሶ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ተወጋ፣ ከኪሱ ከፈለ፣ ከዚያ ሽማግሌ ይዞ መጣና ውሻው የማን ነው ብሎ ጠየቀ። አቶ ባዳቾ የሰፈሩ ነው አሉ። ሰብለም የሰፈሩ ነው አለች። የባንክ ሠራተኞቹ እኛ ተከራይ ነን አሉ። ትርፌም በሯ ላይ ቆማ ዝም አለች። የሰፈሩ ነው ማለት የማንም አይደለም ማለት መሆኑ ለአማረ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባው ለማስረጃ ብሎ የተቀደደ ሱሪውን እንደለበሰ እያነከሰ ሄደ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በነሐሴ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሌባ የአቶ ባዳቾን የውሃ መሳቢያ ሞተር ነቅሎ አጥር ሊሻገር ሲል ውሻው ደረሰበት። ሌባው በገጀራ ከታፋው እስከ ጉልበቱ ሰነጠቀው። ውሻው ግን አልለቀቀውም፤ ሌባው ሞተሩን ጥሎ እስኪሮጥ ድረስ ሱሪውን ይዞ ተጎተተ። ጎረቤቱ በጩኸቱ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። አቶ ባዳቾ ቀድመው ያዩት ሞተሩን ነው። አነሱት፣ ጭቃውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለት፣ መዘውሩንም አዙረው አለመሰበሩን አረጋገጡ። ውሻው ከእግራቸው ሥር ደሙን ያፈሳል።

ምስጋናውማ ጎረፈ። እንዲህ ያለ ውሻ የት ይገኛል ተባለ። ሰብለ ከሰው ይሻላል አለች። ትርፌ ቁስሉን ጎንበስ ብላ ስታየው ነጭ ነገር ብቅ ብሏል፤ አጥንት ይሁን ጅማት አልለየችም። ሐኪም ቤት እንውሰደው ስትል ያ ሁሉ አመስጋኝ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አንዱ ጨው ይነስነስበት አለ። ሌላው የተቃጠለ ዘይት ፍቱን ነው አለ፣ የመኪናውን ማለቱ ነው።

«ውሻ እኮ ሐኪሙ ምላሱ ነው፣ ቲቸር፤» አሉ አቶ ባዳቾ። «ይልሰዋል፣ ይድናል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ሰው ልጁን ማሳከም አቅቶታል።»

ትርፌ መነጽሯን አወለቀች። አምና የአቶ ባዳቾ ላም ጡቷ ያበጠ ጊዜ የከብት ሐኪም እቤት ድረስ ተመላልሷል፤ ይህ ብቻ አይደለም፤ የቅያሱ የጸሎት ቡድን በረት ውስጥ ተንበርክኮ ለላሟ ጸልዮላታል፤ መዝሙሩን ያወጣችው ትርፌ ራሷ ነበረች፣ ጫማዋ እበት ውስጥ እንደገባ። ይህን ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት አስታወሰቻቸው።

«ላሟ እኮ ወተት ትሰጣለች፤» አሉ አቶ ባዳቾ።

«ይሄስ ሞተር ሰጠዎት።»

የሳቀ ቢኖር ከባንክ ሠራተኞቹ አንዱ ነው፤ እሱም ቶሎ አፉን ያዘ። ከዚያ የሥራ ሰዓት ደረሰ። እንዲህ ሲሆን የሥራ ሰዓት መድረሱ አይቀርም። ሁሉም ወደየቤቱ ገባ፣ ለባብሶም ወጣ፣ ሲያልፍ ውሻውን በዳር በዳር ዞሮት አለፈ። ትርፌ ለርዕሰ መምህሩ ደውላ አሞኛል አለች። ውሸት አልነበረም፤ አንጀቷ አርሯል።

ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፈችና ውሻውን ጎትታ አወጣችው። የቆመላት ባጃጅ ሁሉ ከረጢቱ ላይ ያለውን ሲያይ ነዳጅ ሰጥቶ አለፈ። በመጨረሻ የቆመው ሳሚ የሚባል የቀድሞ ተማሪዋ ነው። እሱም ቢሆን ለሷ የአንድ ሰው ሂሳብ፣ ለውሻው የአንድ ሰው፣ ለወንበሩ እጥበት ደግሞ የሌላ አንድ ሰው ብሎ አስከፈላት። ማካፈል ያስተማርኩት እኔ፣ ማባዛቱን ከየት አመጣው አለች በሆዷ።

የእንስሳት ሕክምና ጣቢያው ግቢ በከብት ሞልቷል። ላም፣ በግ፣ ጀርባው የተላጠ አህያ። ትርፌ ውሻውን አቅፋ ስትገባ ሰው እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ፤ በረኛው ደግሞ ምነው እማማ፣ ለዚህ ነው ባጃጅ የተከራዩት ብሎ አሾፈ። ተራ ያዘች። ከፊቷ ያለው ሰውዬ ከገሱባ በሬ ይዞ የመጣ ገበሬ ነው። መኪና የተከራየለት መንደሩ ተዋጥቶ እንደሆነ ነገራት። ያለ በሬው በምን ላርስ ነው፣ ጎረቤት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው አላት። ትርፌ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ የሷን ጎረቤት አላነሳችም፤ አፈረች።

በሬው መቅደሙ አላናደዳትም። የሰው እርሻ ነው። ያናደዳት የተራዋ ነገር ነው። ከፊቷ የነበሩት ሁሉ ታክመው ሲወጡ፣ አሁን ገና አንዲት በግ የሚጎትት ሰው በሩ ላይ ይደርሳል፣ የሐኪሙ ረዳትም «ከብት ይቅደም» ብሎ ያስገባዋል። ቀጥሎ ፍየል መጣች። ቀጥሎ ዶሮ። ዶሮ ከመቼ ወዲህ ነው ከብት የሆነችው ብላ ረዳቱን ብትጠይቀው ዶሮ እንኳ እንቁላል ትጥላለች ብሎ መለሰላት። የውሻው ትንፋሽ አጠረ፤ ዝንብ ቁስሉን ወረረው፤ እሷ በነጠላዋ ስታባርር እጇ ዛለ።

ናኦል የሚባለው ሐኪም ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ምሳውን ትቶ ወደ እሷ መጣ። ቁስሉን አጥቦ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። መሰፋት አለበት አላት፤ ዛሬ ካልተሰፋ ይበሰብሳል፣ እግሩ ብቻ ሳይሆን ውሻውም አይተርፍም። ግን ማደንዘዣ የለውም። ወደ ጣቢያው የሚላከው መድኃኒት የከብት ነው። ግቢው ውስጥ ያለው የእንጨት ማሰሪያም ለበሬ የተሠራ ነው፣ ውሻ በመሐሉ ሾልኮ ይወጣል። ስለ ውሻ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፣ እዚህ ከመጣሁ ግን ስለ ውሻ የሚጠይቀኝ ሁሉ መርዝ እንዳዝዝለት ነው የሚፈልገው አላት። ይህን ሲል ዓይኗን አላየም። ትርፌ በሱ ልትናደድ ፈልጋ ነበር፣ ግን ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣባት።

«ባለቤቱ ማነው?» አላት።

«የሰፈሩ ነው።»

«ለሰፈር መርፌ አልወጋም፣ እማማ። ሲነቃ ማን ያስረዋል? ቁስሉን ማን ያጥባል? ነገ ሰው ቢነክስ ማንን ነው የምጠራው? አንድ ባለቤት ይንገሩኝ።»

ከኋላዋ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ስትል ሰብለ ናት፤ ለጫጩቶቿ የፈንግል ክትባት ልትወስድ በረዶ የሞላበት ፔርሙስ ይዛ ቆማለች። ለጫጩት ብላ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። ሰብለ ጠቀሰቻት፣ ቀስ ብላም ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አትበይ ማለቷ ነው። ሁለቱም የአማረን ነገር ያውቁታል፤ ውሻው የኔ ነው ያለ ሰው ንክሻውንም የኔ ነው እንዳለ ይቆጠራል። ሰባት ቤት ዓመት ሙሉ የሸሸው ይህችን አንዲት ቃል ነው።

ትርፌ ወደ ከረጢቱ አየች። ውሻው ራሱን ማንሳት አቅቶታል፤ ዓይኗን ሲያገኝ ግን የጅራቱ ጫፍ መሬቱን መታ መታ አደረገ። በዚህ ሁሉ መሐል እንኳ ሰላም ይላታል።

«የእኔ ነው፤» አለች። «ስሙ ወርቁ ነው። አምና ሰው ነክሷል፣ ያም የእኔ ነው።»

ሰብለ ፔርሙሷን ይዛ ተመለሰች፤ ክትባቱን መውሰዷንም ረሳች።

ትርፌ ውሻውን ናኦል ዘንድ ትታ ማደንዘዣውን ፍለጋ ከተማ ወረደች። መጀመሪያ የገባችበት የእንስሳት መድኃኒት መደብር ባለቤት ለስንት ከብት ነው አላት። ለአንድ ውሻ ስትለው ትልቅ ጠርሙስ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ የበረት ሙሉ ከብት የሚያስተኛ ነው፣ ቀንሼ አልሸጥም አለ። ለውሻው የሚበቃው የመርፌ ጫፍ ያህል ነው። ሁለተኛው መደብር ተገቢው መድኃኒት ነበረው፤ ስፌቱም፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚወጋውም ነበረው። ዋጋውን ሲነግራት ግን ትርፌ የተሳሳተ መስሏት ደግማ ጠየቀችው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ለውሻ የሚገዛ ስለሌለ ዓመት እኔ ጋ ይቀመጣል፣ ኪሳራዬን ማን ይከፍለኛል አላት። የሚገዛ የሌለው ስለሚወደድ ነው ወይስ የሚወደደው የሚገዛ ስለሌለ ነው ብላ ልትጠይቀው አሰበችና ተወችው፤ ጊዜ አልነበራትም።

ያላት ገንዘብ የቅቤ ብር ነው። ወላይታ ውስጥ የዘመን መለወጫው በዓል፣ ጊፋታ፣ ያለ ቅቤ አይገባም። ወንዱ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፣ ሴቷ ለቅቤው። የትርፌ ድርሻ የሴቶቹን የቅቤ ማኅበር ገንዘብ የምትይዘው ዓመለወርቅ ዘንድ ነበር። ጊፋታ ደጅ ላይ ቆሞ የቅቤ ብር የሚያወጣ ሰው የለም። ዓመለወርቅ ደንግጣ ማን ታመመብሽ ስትላት ቤተሰብ ነው አለቻት። ዓመለወርቅ እግዜር ይማረው ብላ ቆጥራ ሰጠቻት።

መድኃኒቱን ከሁለተኛው መደብር ገዝታ ስትመለስ ናኦል አሮጌ ጠረጴዛ አውጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አቆመ። የአፍ ማሰሪያ ስላልነበረው ትርፌ ሻሿን ፈታ አፉን አሰረችው፤ ራሱንም በሁለት እጇ ያዘች። መርፌው ሲገባ አንዴ ብቻ አቃሰተ። ናኦል ላቡ እየወረደ ሰፋ፤ ለድካሙ አልቀበልም አለ፣ የጓንቱን ብቻ ወሰደ። የእብድ ውሻ ክትባቱንስ አለችው። በዘመቻ ካልሆነ አይመጣም አላት፤ ዘመቻውም መቼ እንደሚሆን አያውቅም። ትርፌ አማረ የከፈለውን አሰበች። አንድ ውሻ የሚከተብበት መድኃኒት ጠፍቶ ሰው ተነክሶ ሲያበቃ ነው እንግዲህ መርፌው የሚገኘው። ይህን ለናኦል ስትነግረው አዎ፣ እንደሱ ነው አላት።

ከሰዓት በኋላ ቅያሱ ስትደርስ በሯ ላይ ሰው ቆሟል። አቶ ባዳቾ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አማረ ናቸው። ሰብለ ነገሩን ሳይቀዘቅዝ አድርሳዋለች። አቶ ባዳቾ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ባለቤት በመገኘቱ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፤ ይህ ሰው ዓመት ሙሉ ተበድሎ ነው የኖረው፣ አሁን ግን ነገሩ መቋጫ አገኘ፣ ቲቸር የሕክምናውን ትከፍለውና ሰፈሩ ከዕዳ ነጻ ይወጣል አሉ። ሽማግሌዎቹ አዎ አሉ። አማረ ጫማውን ያያል፤ እሱ ራሱ ሳያፍር አልቀረም።

ትርፌ ውሻውን ከረጢቱ ላይ አስተኛች። ነጠላዋ ደም ነክቶታል፣ ጸጉሯ ያለ ሻሽ ነው።

«ዛሬ ጠዋት የማን ነበር፣ ጋሼ?»

«ጠዋትማ የሰፈሩ ነበር፤» አሉ አቶ ባዳቾ። «አሁን ግን በአፍሽ ተናግረሻል።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ይሄኛው በሰባት ቤት ፍርፋሪ በልቶ ለሰባት ቤት ጮኸ፤ ከሰባቱ አንድም አልጮኸለትም። ይህን ልትላቸው አስባ ተወችው። ለአማረ ብቻ ተናገረች። ካንተ ጋር ጸብ የለኝም፣ አምና እኔም ዝም ብያለሁ፣ ከደሞዜ እየቆረጥኩ እከፍልሃለሁ አለችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«እናንተ ምስክር ናችሁ። ውሻው የትርፌ ነው። የሰፈሩ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ አቶ ባዳቾም በደስታ ተስማሙ። መረቋትና ሄዱ። ርካሽ ነገር የገዙ መስሏቸዋል።

ቁስሉ በጊዜው ደረቀ። ናኦል በመንገዱ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ክሩን አወጣለት። እግሩ ግን ትንሽ አነከሰ፣ በስፌቱ መስመርም ጸጉር አልበቀለም። ትርፌ አጥሯን አጠበቀች፣ በሯን በቀንም በሌትም ዘጋች፣ ውሻው ግቢዋ ውስጥ ብቻ ዋለ አደረ። ጊፋታ ሲመጣ በቅቤ የሚታሸው የበዓሉ ምግብ፣ ሙቹዋዋ፣ ቅቤ የሸተተው ለስሙ ያህል ነው። ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ ቀምሶ ሳህኑን አስቀመጠ፤ በዚያ ሰሞን የጎረቤት በሬ ሲበለት ለውሻው አጥንት የላከም የለም። የሷ ነዋ።

ጊፋታ ካለፈ በኋላ የአቶ ባዳቾ ሞተር ተሰረቀ። በዚህኛው ጊዜ ጭቃውን የሚጠርጉለት ሞተር አልተረፈላቸውም። ቀጥሎ የባንክ ሠራተኞቹ የጋዝ ሲሊንደር ሄደ። ከዚያ ሰብለ አንድ ማለዳ ስትነሳ የዶሮ ቤቱ ባዶ ነው፤ እነዚያ በፔርሙስ ክትባት የታሰበላቸው ጫጩቶች አንድ ላይ ተጠርገው ሄደዋል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ወደ ትርፌ መጣ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነው። ትርፌ በሩን ከፍታ መግቢያው ላይ ቆመች፤ ግቡ አላለችም። አቶ ባዳቾ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ ጉርብትና፣ ስለ አንድነት፣ ዛሬ ስለተሰበከው ስለ ፍቅር ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ውሻው ሲመሽ እንደ ድሮው ቢለቀቅ ብለው ጠየቁ፤ እያንዳንዱ ቤትም ትራፊ ያቀርባል አሉ።

ስፌቱንስ ማን ያቀርባል አለች ትርፌ። የአማረንስ? ቀጣዩ ሌባ ገጀራ ይዞ ቢመጣስ የማን ውሻ ነው የሚሆነው? ሰብለ አጥሩን ትመለከታለች። አቶ ባዳቾ ኑሮው እንደምታውቂው ነው አሉ። እንግዲያው ዘበኛ ቅጠሩ አለቻቸው።

አቶ ባዳቾ በትርፌ ትከሻ ላይ አሻግረው ግቢውን አዩ። ውሻው ጥላ ሥር ተኝቷል።

«ጃክ፤» ብለው ጠሩት። «ና፣ ጃክ።»

ትርፌ እንደማይነሳ እርግጠኛ ነበረች። ቢያንስ ያጉረመርማል ብላለች። ውሻው ግን ጆሮውን አቀና፣ ተነሳ፣ እያነከሰ መጥቶ በሷ እግር አጠገብ አለፈና የአቶ ባዳቾን እጅ ላሰ። ጅራቱ አላረፈም። ወደ ሰብለም ሄደ፣ የባንክ ሠራተኞቹንም አሸተተ። ሁሉንም እንደናፈቀ ያስታውቃል። የትርፌ ዓይን እንባ አቀረረ፤ በሰዎቹ ከመናደዷ በፊት የተናደደችው በውሻው ነው።

«አየሽ፤» አሉ አቶ ባዳቾ ፈገግ ብለው፣ ጸጉር አልባውን ጠባሳ ሳያዩ ራሱን እየደባበሱ። «ያውቀናል እኮ።»

ትርፌ ጎንበስ ብላ ውሻውን በአንገቱ ማሰሪያ ያዘችና ቀስ ብላ ወደ ውስጥ መለሰችው። መነጽሯን አላወለቀችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ያውቃችኋል። ይቅርም ብሏችኋል፣ ውሻ ነዋ። እኔ ግን ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ሳበች። ሰዎቹ ከውጪ ትንሽ ቆመው አንሾካሾኩ፣ ከዚያ ኮቴያቸው ወደየቤቱ ተበታተነ። ውሻው የመጨረሻው ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ አፍንጫውን በበሩ ሥር አስገብቶ ጅራቱን ይቆላ ነበር።